ወሎ ልቆይ ወይስ ስድስት ኪሎ ልዛወር? ለደሴ የሕግ ተማሪ የንጽጽር መመሪያ

አንደኛ ዓመቱን በጥሩ ግሬድ የጨረሰ የሕግ ተማሪ ሁሉ አንድ ቀን ይህ ሐሳብ ይመጣበታል። ከወሎ ዩኒቨርሲቲ ወጥቼ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብገባስ? ዘመድም ይገፋፋል። «ስድስት ኪሎ የተማረና ሌላ ቦታ የተማረ እኩል አይታይም» የሚል አጎት የሌለበት ቤት ደሴ ላይ ማግኘት ይከብዳል። ሸገር የደረሳቸው የሃይስኩል ጓደኞች ደግሞ የካምፓሱን ፎቶ ቴሌግራም ላይ ይለቃሉ።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ለአብዛኛው ተማሪ ዝውውሩ አያዋጣም። ለጥቂቱ ግን በጣም ያዋጣል። ከየትኛው ወገን እንደሆናችሁ የሚለየው ተመርቃችሁ የት መሥራት እንደምትፈልጉ ነው። «ገና አላውቅም» የምትሉ ከሆነ አትጨነቁ፣ የእናንተም ጉዳይ ከታች አለ።

ደረጃው ከየት መጣ?

እኛ አገር የሕግ ትምህርት ቤቶችን አንደኛ፣ ሁለተኛ እያለ በየዓመቱ የሚያወጣ፣ ሁሉም የተቀበለው ዝርዝር የለም። ኢንተርኔት ላይ የምታዩአቸው የዓለም ደረጃዎች በአብዛኛው ዩኒቨርሲቲውን በጅምላ ይመዝናሉ። ብዙ ነጥብ የሚሰጡትም ለምርምር ነው። ትምህርት ሚኒስቴር ዩኒቨርሲቲዎችን በተልዕኮ ሲለይም አዲስ አበባ፣ ባሕር ዳርና ጎንደር የምርምር ከተባሉት ተመድበዋል። ወሎ እዚያ ውስጥ የለም። ታዲያ ይህ የውል ሕግን ማን በደንብ እንደሚያስተምር አይነግራችሁም።

ሰው «ከፍ ያለ ደረጃ» ሲል በልቡ የያዘው ዕድሜና ስም ነው። ዕድሜው እውነት ነው። የአዲስ አበባው የሕግ ትምህርት ቤት የተከፈተው በ1956 ዓ.ም. ነው፣ ያኔ ዩኒቨርሲቲው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስም ይጠራ ነበር። ለአገሪቱም የመጀመሪያው ነው። የኢትዮጵያ ሕግ መጽሔትም እዚያው ተወለደ። ለብዙ ዘመን በሕግ ዲግሪ መያዝ ማለት ከዚያ መውጣት ማለት ነበር። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት የነበሩት ወ/ሮ መዓዛ አሸናፊም የዚያው ትምህርት ቤት ምሩቅ ናቸው። ወሎ ዩኒቨርሲቲ በአንጻሩ በ1990ዎቹ መጨረሻ ከተከፈቱት ነው። ልጅ ነው።

ይህ ለእናንተ ምን ይለውጣል? አንድ ነገር በትክክል ይለውጣል። አዲስ አበባ ሥራ ስትጠይቁ ከጠረጴዛው ወዲያ የተቀመጠው ሰው ከስድስት ኪሎ የወጣ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። ሰው ደግሞ የራሱን ትምህርት ቤት ልጅ ያቀርባል። ይህን «ስም ዋጋ የለውም» እያልኩ ልሸፋፍነው አልፈልግም። ዋጋ አለው። ጥያቄው እናንተ ልትሠሩ በምታስቡበት ቦታ ስንት ያወጣል የሚለው ነው።

ስም የማይጠይቁ በሮች

የሕግ ምሩቅ ማለፍ ያለበት በሮች አሉ። አብዛኞቹ የመጣችሁበትን ግቢ አይጠይቁም።

የመጀመሪያው የመውጫ ፈተና ነው። ሌሎች ትምህርት ክፍሎች በ2015 ዓ.ም. ፈተናው ሲመጣባቸው ሲደነግጡ የሕግ ተማሪ ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ለምዶት ነበር። ፈተናው አገር አቀፍ ነው። የስድስት ኪሎውም የደሴውም ልጅ የሚቀመጠው ለአንድ ዓይነት ወረቀት ነው፣ ማለፊያውም 50 ከመቶ ነው። እንዲያውም ሁለት ትምህርት ቤቶችን ለማነጻጸር ከዚህ የተሻለ መለኪያ አላገኘሁም። የሁለቱንም ያለፉ ዓመታት የማለፍ መጠን ጠይቁ። ዲፓርትመንቱ ካልነገራችሁ ከእናንተ በፊት የተመረቁትን ጠይቁ፣ እነሱ አይደብቁም።

ቀጥሎ የጥብቅና ፈቃድ አለ። የፌዴራሉ በ2013 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1249 ይመራል፣ የክልሉ ፈቃድ ደግሞ በክልሉ በኩል ነው የሚሰጠው። እዚህ ላይ ብዙ ተማሪ ይሳሳታል። አዲስ አበባ መማር የፌዴራል ፈቃድ አያሰጥም። ደሴ መማርም አይከለክልም። ፈተና አለ፣ መስፈርቱን አሟልቶ ፈተናውን ያለፈ ይሠራል።

ዳኛ ወይም ዐቃቤ ሕግ መሆን ለሚፈልግ በአማራ ክልል መንገዱ ወደ ባሕር ዳር ይወስዳል። የክልሉ የፍትሕ አካላት ባለሙያዎች ማሰልጠኛ እዚያ ነው። እዚያም ፈተና ነው የሚጠብቃችሁ።

ስለዚህ የወደፊት ሕይወታችሁን ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ወልድያ ወይም ባሕር ዳር ላይ ካያችሁት ስሙ የሚከፍትላችሁ በር ጥቂት ነው። ደሴ ላይ ቢሮ ከፍታችሁ ደንበኛ ሲመጣ «የት ተማርክ?» አይልም። «የእገሌን መሬት ያስመለሰው አንተ ነህ?» ነው የሚለው።

ደሴ ላይ ያለው ሀብት

እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፣ ምክንያቱም የደሴ ተማሪ ራሱ ያለበትን አያየውም።

ሕግ ፍርድ ቤት ውስጥ የሚታይ ነገር ነው። ደሴ ደግሞ የደቡብ ወሎ ዞን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ከተማ ናት። ችሎት በመርህ ለሕዝብ ክፍት ነው፤ ከሰዓት ክላስ የሌለው ተማሪ ገብቶ መቀመጥ ይችላል። የሚሰማውም የክልል ጉዳይ ብቻ አይደለም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 80 መሠረት የክልል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ከራሱ ሥልጣን በተጨማሪ የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤትን ሥልጣን ይሠራል። የክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደግሞ የፌዴራል ከፍተኛውን። ስለዚህ «የፌዴራል ሕግ ለመማር አዲስ አበባ፣ ልደታ ያለው የፌዴራል ፍርድ ቤት መሄድ አለብኝ» የሚለው ወሬ ግማሽ እውነት ነው።

ኮምቦልቻን ጨምሩበት። ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በታክሲ ቁልቁል መውረድ ነው። ጨርቃ ጨርቁ፣ ቢራ ፋብሪካው፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ፣ ደረቅ ወደቡ ሁሉም እዚያ ናቸው። ይህ ለሕግ ተማሪ ምን ማለት ነው? የአሠሪና ሠራተኛ ክርክር በየጊዜው አለ ማለት ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁን፣ ቁጥር 1156/2011ን፣ በሐንድአውት ማንበብና ያለማስጠንቀቂያ የተሰናበተች ልጅ ደመወዟን ስትጠይቅ መስማት አንድ አይደለም። የጉምሩክ ጉዳይም አለ። እሱ የፌዴራል ጉዳይ ነው፣ እንደ ክብደቱ በክልሉ ፍርድ ቤቶች በውክልና ይታያል።

ትንሽ ወደ ደቡብ ውረዱ። ከሚሴ ትደርሳላችሁ። የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ስለሆነ ፍርድ ቤቱ የሚሠራው በአፋን ኦሮሞ ነው። ሁለቱንም ቋንቋ የምትችሉ ከሆነ ይህን እንደ ዋዛ አትዩት። በሁለት ቋንቋ ክስ መጻፍ የሚችል ጠበቃ በዚህ መስመር ላይ ሥራ አይቸግረውም።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ወሎ ውስጥ የሸሪዓ ፍርድ ቤት የዕለት ተዕለት ነገር ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 የግልና የቤተሰብ ክርክር በሁለቱም ወገን ፈቃድ በሃይማኖት ሕግ እንዲዳኝ ይፈቅዳል። ያ «ፈቃድ» የሚሉት ነገር መሬት ላይ እንዴት ይሰጣል? ሚስት ካልተስማማች ጉዳዩ ወዴት ይሄዳል? ከክልሉ የ1995 ዓ.ም. የቤተሰብ ሕግ ጋር የት ይጋጫል? ለመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ፍለጋ የሚባዝን ልጅ እዚሁ አፍንጫው ሥር ያለውን ትቶ ስለ ዓለም አቀፍ የንግድ ድርጅት የኮፒ ፔስት ጽሑፍ ሲያቀርብ ያሳዝነኛል።

ጉድለቱንም ልናገር። ወሎ ዩኒቨርሲቲ በ2014ቱ ጦርነት ጊዜ ክፉኛ ተዘርፏል፣ ወድሟልም። መጽሐፍ፣ ኮምፒውተር፣ ፋይል ሄዷል። ከዚያ ወዲህ የተተካው ለናንተ ይበቃ እንደሆነ ላይብረሪ ገብታችሁ በዓይናችሁ እዩ። ነጋሪት ጋዜጣውና የሰበር ውሳኔዎቹ በስልክ ይገኛሉ። የውጭ መጽሔትና የቆየ መጽሐፍ ግን በስልክ አይሞላም። ልምድ ያለው መምህር ለትምህርት ሲወጣ ወይም ሌላ ቦታ ሲሄድ ኮርስ የሚንጠለጠልበት ጊዜም አለ። ይህ የወሎ ብቻ አይደለም፣ የክፍለ ሀገር ዩኒቨርሲቲ ሁሉ ጣጣ ነው።

ሸገር ላይ ያለው

አዲስ አበባ ያለውና ደሴ ላይ የማይገኘው ነገር አለ፣ እሱን ማሳነስ ትክክል አይሆንም።

የፌዴራል ሰበር ችሎት፣ ማለትም መሠረታዊ የሕግ ስህተት አለበት የተባለን የመጨረሻ ፍርድ የሚያርመው ችሎት፣ እዚያ ነው። የሰበር ትርጉም በየትኛውም ደረጃ ያለን ፍርድ ቤት፣ የደሴውንም ጭምር፣ ያስገድዳል። ያ ውሳኔ የሚወለድበትን ክርክር መስማት ትልቅ ነገር ነው። ፍትሕ ሚኒስቴር፣ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን፣ የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር፣ የአፍሪካ ኅብረት፣ የባንኮች ዋና መሥሪያ ቤት ሁሉ አንድ ከተማ ውስጥ ናቸው። በክረምት ኢንተርን ልሁን የሚል ተማሪ በእግሩ ሄዶ ደብዳቤ ማስገባት ይችላል።

ሌላው የጥብቅና ድርጅት ነው። ከአዋጅ 1249 በፊት ጠበቃ ለብቻው ነበር የሚሠራው። አሁን ተቧድኖ ድርጅት ማቋቋም ተፈቅዷል። ትልልቆቹ ያሉት አዲስ አበባ ነው። የኢንቨስትመንት፣ የባንክ፣ የግልግል ሥራ የሚመጣው ወደ እነሱ ነው። እነዚህ ቢሮዎች አዲስ ምሩቅ ሲቀጥሩ እንግሊዝኛ ያያሉ፣ የምስለ ችሎት (ተማሪዎች እንደ ጠበቃ ሆነው የሚከራከሩበት) ውድድር ያያሉ፣ አዎ፣ ስምም ያያሉ። የግሉ ዘርፍ እንደ ፈተና ወረቀት ስም ሸፍኖ አያርምም።

ስለዚህ ሕልማችሁ የድርጅት ጠበቃ፣ የዓለም አቀፍ ድርጅት ባለሙያ ወይም የሕግ መምህር መሆን ከሆነ የስድስት ኪሎው ሚዛን ይከብዳል። ያም ቢሆን ዝውውር ብቸኛው መንገድ አይደለም።

የዝውውሩ ዋጋ

ወሬው ሁሉ ስለ መድረሻው ነው። ስለ መንገዱ የሚያወራ የለም።

መጀመሪያ ነገር፣ ዝውውር መብት አይደለም። ልመና ነው። ላኪው ሊለቅ፣ ተቀባዩም ሊቀበል ይገባል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ ተማሪ የሚቀበለው በራሱ ፈተናና መስፈርት ነው፣ «ሚኒስቴር ይመድበኛል» የሚለው ተስፋ ቀጭኗል። ደላላ መጥቶ «እኔ አስገባሃለሁ» ቢላችሁ ሩጡ። የጠበቃነትን ሕይወት በሐሰተኛ ሰነድ የሚጀምር ሰው አያምርበትም።

ቀጥሎ ኮርስ ነው። የሕግ ዲግሪ 5 ዓመት ነው። ሥርዓተ ትምህርቱ በአገር ደረጃ ተመሳሳይ ቢሆንም ኮርሱ የሚሰጥበት ሴሚስተር ይለያያል። እዚህ የወሰዳችሁት እዚያ ካልተያዘላችሁ፣ እዚያ ያለፈውንም ካልወሰዳችሁ መሃል ላይ ትንሳፈፋላችሁ። በዓመት ከምታንሷቸው ሳይሆን በዓመት ከሚያንሷችሁ ልጆች ጋር ትቀመጣላችሁ። ሬጅስትራሩን የምትጠይቁት ጥያቄ «ትቀበሉኛላችሁ?» ብቻ አይሁን። የትኛው ኮርስ ይያዝልኛል? በስንት ግሬድ? ጂፒኤዬ ይዞራል ወይስ ከዜሮ ይጀምራል? መቼ እመረቃለሁ? መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ።

ጂፒኤ ላይ አንድ ቃል። ደሴ ላይ ከክፍሉ ሦስተኛ የሆነ ልጅ ስድስት ኪሎ ሲገባ አሥራ አምስተኛ ሊሆን ይችላል። ልጁ ሰንፎ አይደለም። ክፍሉ ተለውጦ ነው። ማስተርስ ላይ ወይም በረዳት ምሩቅነት ለመቀጠር የሚታየው ቁጥሩ ነው፣ ከጎኑ «ክፍሉ ከባድ ነበር» የሚል ማስታወሻ አይለጠፍም። በሌላ በኩል ከጎበዝ ጋር መቀመጥ የሚያበረታው ልጅም አለ። ራሳችሁን ታውቁታላችሁ።

ገንዘቡ ግልጽ ነው። መንግሥት የመደበው ተማሪ ዶርምና ምግብ በወጪ መጋራት ያገኛል፣ ከተመረቀ በኋላ ይከፍላል። በግል ከፋይነት ስትዛወሩ ግን ክፍያ አለ። ዶርምም ይኖራል ብላችሁ አትነሱ። የአዲስ አበባ የቤት ኪራይ ምን ያህል እንደሆነ እዚያ የሚኖር ዘመድ ጠይቁ፣ ከዚያ ለቀሪዎቹ ዓመታት አባዙት። አጎት «ከኔ ጋ ይደር» ካለ ደግሞ የአጎት ቤት ከካምፓስ ስንት ታክሲ እንደሆነ አጣሩ። አራት ኪሎና ለገጣፎ ለሕግ ተማሪ አንድ ከተማ አይደሉም።

መንገዱም አለ። ደሴና አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ይራራቃሉ። በሰላሙ ጊዜ ሌሊት ተነስቶ በከሚሴ፣ በሸዋ ሮቢት፣ በደብረ ሲና፣ በደብረ ብርሃን አድርጎ መድረስ ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን መስመሩ የሚዘጋበት ጊዜ አለ። ከኮምቦልቻ አውሮፕላን አለ፣ የትኬቱን ዋጋ ግን ለተማሪ አባት ንገሩትና ፊቱን እዩ። ቤተሰባችሁ ውስጥ የታመመ ወይም እናንተን የሚጠብቅ ታናሽ ካለ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

የሚረሳው መንገድ

ሰው ጥያቄውን «ልቆይ ወይስ ልሂድ» ብሎ ለሁለት ሲከፍለው ሦስተኛው ይጠፋል። የመጀመሪያ ዲግሪን ደሴ ጨርሶ ማስተርስን ስድስት ኪሎ መሥራት።

ለእኔ ለብዙ ጎበዝ ተማሪ የሚያዋጣው ይሄ ነው። በወሎ ከፍ ያለ ጂፒኤ ትይዛላችሁ። ኤክስተርንሺፑን፣ ማለትም የተግባር ልምምዱን፣ ፍርድ ቤትና ዐቃቤ ሕግ ቢሮ ውስጥ በሚያውቋችሁ ሰዎች መካከል ትሠራላችሁ። በዩኒቨርሲቲው ነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከል በኩል የድሃ ሰው ክስ በእጃችሁ ትጽፋላችሁ። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፣ ችሎቱ ደግሞ በአማርኛ። ያን ክፍተት የሚደፍነው መጻፍ ብቻ ነው። ጥቂት ዓመት ሠርታችሁ የመግቢያ ፈተናውን አልፋችሁ ስድስት ኪሎ ትገባላችሁ። ያኔ ዲግሪያችሁ ላይ የሚነበበው የመጨረሻው ስም የምትፈልጉት ነው። መማር የምትፈልጉትንም ዘርፍ ታውቃላችሁ፣ የንግድ ሕግ ነው፣ ሰብአዊ መብት ነው፣ ሌላም ነው። በ19 ዓመት ይህን የሚያውቅ ጥቂት ነው።

«ገና አላውቅም» ያላችሁትም መልሳችሁ ይሄ ነው። ሐሳባችሁ ቢለወጥ የማያስከፍላችሁ መንገድ እሱ ብቻ ነው።

ጎንደርን ወይም ባሕር ዳርን እንደ አማራጭ የሚያነሳም አለ። ባሕር ዳር የክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት መቀመጫ ነው፣ ለክልል ዳኝነት ለሚያስብ ቅርብ ነው። ለዚያ ሲባል ግን መሃል ላይ መዛወርን አልመክርም። የምታገኙት ልዩነት ከምታጡት ሴሚስተር አይበልጥም።

ታዲያ ማን ይሂድ?

ገና አንደኛ ዓመት የጨረሰ፣ ሥራውን አዲስ አበባ ላይ በግልጽ ያየ፣ የሚያድርበት ያለው፣ ቤተሰቡ ሳይጎዳ የሚከፍልለት ልጅ ይሂድ። ወይም ቤተሰቡ ጠቅልሎ አዲስ አበባ የገባ። ወይም ደሴ ላይ የማይገኝ ሕክምና የሚከታተል፣ እሱ ላይ ንጽጽር የለም። ሦስተኛ ዓመት የደረሰ ተማሪ ግን ባይነቃነቅ እመርጣለሁ። የሥነ ሥርዓት ሕግ ኮርሶች፣ ምስለ ችሎት፣ ኤክስተርንሺፕ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የመውጫ ፈተና ተደራርበው የሚመጡት ከዚያ ወዲያ ነው። ያን ጊዜ በአዲስ ግቢ መንገድ ማጥናት አያስፈልግም።

አባትና እናት ይህን እያነበባችሁ ከሆነ አንድ ነገር ላስቸግራችሁ። ልጁን «ለምን አትዛወርም?» ከማለታችሁ በፊት «ተመርቀህ የት መሥራት ትፈልጋለህ?» በሉት። ዝም ካለ ጊዜ ስጡት።

ለመሄድ የወሰናችሁ ደግሞ ሰነዱን በቅደም ተከተል ያዙት። ኦፊሺያል ትራንስክሪፕት፣ የእያንዳንዱ ኮርስ ዝርዝር መግለጫ ማኅተም ያለበት፣ የመልካም ሥነ ምግባር ደብዳቤ፣ የወጪ መጋራት ፎርማችሁ ኮፒ። ማመልከቻ ከሴሚስተር ምዝገባ በፊት በቂ ጊዜ ቀድሞ ይግባ። የቅበላ ደብዳቤ እጃችሁ ሳይገባ ግን ከወሎ ክሊራንስ አትጨርሱ። ከአንዱ ወጥቶ ሌላው ያልተቀበለው ተማሪ መልሶ ለመግባት የሚጠብቀው ቢያንስ ቀጣዩን ምዝገባ ነው፣ አንዳንዴም ሙሉ ዓመት።